የተተረተረችው መሶብ

ይድረስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዐውደ ርዕይ ለምታዘጋጁ፣ ቅርስ ለምትመዘግቡ፣ እንዲሁም የወታደር ልብስ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ላስቀመጣችሁ ቤተሰቦች

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደሴ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዙውን ጊዜ የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። መስከረም ሲጠባ ቀና ብዬ ሰው ለማየት እንኳ ጊዜ የለኝም። ደብዳቤ መጻፍም ልማዴ አይደለም። ግን ስፌት መኪናዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ዓይኔ መሳቢያው ውስጥ ወዳለች አንዲት ፖስታ እየሄደ ሥራ አላሠራኝ አለ።

ፖስታዋ ላይ በእስክሪብቶ «ትርፍ ጨርቅ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ያለው ግን ትርፍ አይደለም። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ክብ ቀይ ጨርቅ ናት። ቀዩ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፤ የታችኛው ቀጥ ብሎ፣ የላይኛው ተገልብጦ። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለች «አባባ፣ ይቺ መሶብ ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀች አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሟ መሶቧ ሆኖ ቀረ። እውነትም ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ክዳኗን የደፋች መሶብ ትመስላለች።

መሶቧ የነበረችው በአያቴ ጃኬት ግራ ትከሻ ላይ ነው። ዓምና ጃኬቱን ለአንድ ዐውደ ርዕይ አዋስኩት። የማን ዐውደ ርዕይ እንደነበር አልጠራም፤ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። በመክፈቻው ቀን ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ጃኬቱ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «የአርበኞች ልብስ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.» ይላል።

ሳቄ መጣ። አያቴ በ1928 የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ ጃንሆይ እዚሁ ከተማ ነበሩ፤ የእኔ አያት ደግሞ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ይሸሹ ነበር። የታዘለ ልጅ አርበኛ ሆኖ ተለጠፈ ማለት ነው።

ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። መሶቧ የለችም። በቦታዋ፣ ግራ ትከሻው ላይ፣ ቀኝ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ተሰፍቷል። በመኪና ስፌት፣ ያውም ቡና ዓይነት ክር።

አንድ ወጣት አስተናጋጅ ነበር። ትሑት ልጅ ነው። «እትዬ፣ የውጭ አገር ምልክት ስለሆነ ጎብኚው ግራ እንዳይጋባ ብለን ነው» አለኝ። «አንበሳውስ?» ስለው «ግራው በኩል ለፎቶ ይመቻል» አለ። ምን ልበለው? ልጁ ክፋት የለበትም። ማንም አልነገረውም።

ያልተነገረውን እኔ ልንገራችሁ።

አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወረዱ። ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ወደ ኮሪያ፣ ወደ ፑሳን ወደብ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። የዘማቹ ጦር ጠቅላላ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። አያቴ ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም። ስለ መርከቡ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የለም። ሐይቅን አልፎ ውሃ አይቶ የማያውቅ የደሴ ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ሰማይና ውሃ ብቻ። «ጦርነቱንስ ችዬዋለሁ፣ መርከቡን ነው ያልቻልኩት» ይሉ ነበር።

ኮሪያ ሲደርሱ የአሜሪካ ልብስና የአሜሪካ መሣሪያ ታደላቸው። ጃኬቱ ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር የሱፍ ጃኬት ነው። ገበሩ ላይ የመጠኑ ቁጥር በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የአርበኛ ልብስ አለመሆኑን ለማወቅ እሱን ገለጥ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። ከሥልጠና በኋላ ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተደለደለ። መሶቧ የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት ናት። ሁለት የ7 ቁጥሮች ናቸው። አንዱ 7 ቆሞ፣ ሌላው 7 ተገልብጦ ሲገጥሙ የአሸዋ ሰዓት ይሆናሉ። ክፍለ ጦሩም ለረጅም ጊዜ በአሸዋ ሰዓት ስም ይጠራ ነበር። መሶብ ያልነው እኛ ነን።

አሁን ስለ ሬጅመንቱ ትንሽ ልበል፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። 32ኛው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1916 ሃዋይ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የእኛው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ይዋጉ ነበር። የሃዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊኡካላኒ «የንግሥቲቱ ጦር» የሚለውን ስም ሰጠችው፤ ሬጅመንቱ በዚያ ስም ሲጠራ ኖረ። እግረኛ ይባል እንጂ ዕድሜው ያለቀው ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ባሕር ዳር አሸዋ ሲዘል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አላስካ ጫፍ ላይ ባለችው አቱ ደሴት ወረደ። ክፍለ ጦሩ ሲሠለጥን የከረመው ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ነበር፤ የተላከው ግን እንደኛ ሐምሌ ጭጋግ ወደማይገለጥባት ደሴት ነው። ጥይቱ ካቆሰለው ሰው ባልተናነሰ ብርዱ እግሩን የጎዳው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኳጃሊን፣ ከዚያ ፊሊፒንስ ውስጥ ሌይቴ። በ1945 ኦኪናዋ። በ1950 መስከረም ኮሪያ ውስጥ ኢንቾን። ከኢንቾን በሳምንቱ በውሃም በየብስም በሚሄዱ ተሽከርካሪዎች የሃንን ወንዝ ተሻግሮ ሴኡል ገባ።

እንግዲህ መርከብ ያልቻለው የደሴ ልጅ ከነዚህ ጋር ተሰለፈ። ትከሻው ላይ ያቺን መሶብ ሲሰፋ ከአቱ እስከ ኢንቾን ያለው የባሕር ጠረፍ ታሪክ ሁሉ አብሮ ተሰፋ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አንበሳም ቀኝ ትከሻው ላይ አለ። ሁለቱ አልተጣሉም። እናንተ ምን አጣላችኋቸው?

ወታደርን መለዮ ለባሽ የምንለው ያለ ነገር አይደለም። መለዮ የሚለይ ነገር ነው። ይህ ከየት ነው፣ ከማን ጋር ነበር፣ ምን አየ የሚለውን ሳይጠየቅ ይናገራል። ለዚህም ነው ቦታው የሚከበረው። በአሜሪካ ጦር ደንብ ግራ ትከሻ ላይ የሚደረገው አሁን የምታገለግልበት ክፍል ምልክት ነው። አብረኸው የዘመትከው የቀድሞ ክፍል ምልክት ደግሞ ቀኝ ትከሻ ላይ ይሄዳል። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፤ ትከሻ ሲቀይር ትርጉሙ ይቀየራል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ያገኘው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማት አለ፤ ወርቃማ ክፈፍ ያለው ሰማያዊ ሪባን። የሚደረገው ቀኝ ደረት ላይ ነው። እሱንም ግራ አድርጋችሁታል። ይሁን፣ እሱ በመርፌ ቁልፍ ስለሆነ ወዲያው ይስተካከላል።

እንግሊዞች ሮያል ማሪን የሚሏቸው የባሕር እግረኞች አሏቸው፤ ጅማሬያቸውን እ.ኤ.አ. ከ1664 ይቆጥራሉ። ምልክታቸው ላይ ጂብራልታር የሚል ቃል አለ። በ1704 ጂብራልታርን ስለያዙ ነው። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም እዚያው አለ። ጎብኚ ግራ ይጋባል ብሎ የፋቀው የለም። ግራ የተጋባ ይጠይቃል፣ ሲጠይቅ ይነገረዋል።

ወደ እጅጌው ልመለስ። እኔ ሙያዬ ነውና በደንብ አየሁት።

ጃኬቱ ከነፖስታዋ ሲመለስልኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቀን ብርሃን አገላበጥኩት። ቀኝ ትከሻው ላይ፣ አንበሳው ከተነሳበት፣ ሱፉ ጠቆር ያለ የጋሻ ቅርጽ ይዟል። ዙሪያው ከፀሐይ ነጥቷል፣ ከምልክቱ ሥር ያለው ግን እንደ አዲስ ነው። ግራው ላይ አዲሱ ስፌት ከሥሩ ያለውን ክብ በግማሽ ሸፍኖታል። ክቡን የሚዞሩ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። እኩል አይደሉም። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል። አያቴ በገዛ እጃቸው፣ ምናልባት ድንኳን ውስጥ፣ በወፍራም መርፌ የሰፉት ነው። እኔ የማሠለጥናት ልጅ እንዲህ ብትሰፋ አስተረትራታለሁ። የአባባ ግን አይተረተርም ነበር።

ከነዚያ ቀዳዳዎች ውጭ ሌላ የቀዳዳ ዙር አለ። እሱ ሰፋ ያለ፣ እኩል፣ ጥብቅ ያለ ነው። የሴት አያቴ፣ የእማማ እጅ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው።

አያቴ ከኮሪያ ተመልሰው ክቡር ዘበኛ ውስጥ ቀጠሉ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲሆን፣ ሙከራውን ያደረገው ያሉበት ክፍል፣ ክቡር ዘበኛው እንደነበር ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ አያቴ ውትድርናውን ትተው ደሴ ገቡ። ኮሌታው ላይ የነበረውን የክቡር ዘበኛ ምልክት ራሳቸው ነቀሉት። የብረት ስለነበር ሁለት ሁለት ቀዳዳ ትቶ ሄዷል። ምልክቱ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ስንጠይቃቸው «ጠፋ» ነበር መልሳቸው። ቀጥሎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኑ፤ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። ያልወደዱትን ባሕር በየሳምንቱ ያዩት ጀመር። ሰፈሩ ጋሽ ኮሪያ ይላቸው ነበር።

ደርግ ሲመጣ ያ ስም አስፈሪ ሆነ። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ በሆነበት ዘመን፣ ከአሜሪካ ጋር ተሰልፌ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት አያስከብርም፤ የዘውድ አንበሳ ትከሻ ላይ ማድረግማ ጭራሽ። ልብሱን ያቃጠለ ነበር። ጉድጓድ የቀበረም ነበር። እማማ ግን ጥቁር ጨርቅ ቆርጠው በሁለቱም ትከሻ ላይ ከምልክቶቹ በላይ ሰፉበት። አያቴ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሲደርቡት የሚገባ የሚወጣው ሰው ሐዘን ላይ ያሉ ይመስለዋል። «ማን ሞቶባቸው ነው?» ብሎ የጠየቀ ጎረቤት ነበር። እማማ «የሩቅ ዘመድ» ብለው መለሱ።

ጥቁሩ ጨርቅ የተነሳው በ1983 ነው። መሶቧ ከሥሩ ቀይ እንደሆነች ወጣች። ዙሪያዋን ግን የእማማ ጥቁር ክር ቁርጥራጭ እዚህም እዚያም ቀርቷል። አያቴ «ተዉት» አሉ። ተውነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም ሸሸን። ጃኬቱን ይዞ መሄድ ያስፈራል፣ መንገድ ላይ መለዮ ይዞ መገኘት ሌላ ጣጣ ነው። ሱቄ ውስጥ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሥር ከትቼው ሄድኩ። ስመለስ ሁለት ስፌት መኪና ተወስዷል። ካውያውም፣ ጥቅል ጨርቁም። ከረጢቱ ግን ተገልብጦ ጥግ ላይ ወድቋል። ለካ ቁርጥራጭ ጨርቅ ማንም አይፈልግም። የደሴ ሙዚየም በዚያው ጊዜ መዘረፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አሁን የከተማችን ሙዚየም በግማሹ የሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። መሶቧ የኮሪያን ክረምት አለፈች። ታኅሣሥ 53ን አለፈች። ደርግን በጥቁር ጨርቅ ተሸፍና አለፈች። 2014ን ቁርጥራጭ መስላ አለፈች። የተሸነፈችው ለዐውደ ርዕይ መቀስ ነው። አያናድድም?

አሁን የምለምናችሁን ልናገር። መጀመሪያ የሰው ልብስ ስትቀበሉ በፊትም በኋላም፣ በውስጥም በውጭም ፎቶ አንሱት። ባለቤቱን ቁጭ አድርጋችሁ ይህ ምንድን ነው፣ ይህስ ብላችሁ ጻፉ። የመቶ ብር ደብተር ይበቃል። ካውያ አታሳርፉበት። የእኔው ጃኬት ክርኑ አካባቢ ሱፉ ተኝቶ አብለጭልጯል፣ ያ አይመለስም። የግድ መተኮስ ካለበት እርጥብ ጨርቅ ከላይ ይደረጋል፤ ይህን ማንኛውም ልብስ ሰፊ በነፃ ይነግራችኋል። መቀስ ግን በፍጹም። የተቀደደም ቢሆን፣ የተንጠለጠለም ቢሆን ይቆይ።

ለቤተሰቦችም አለኝ። አንዳንዱ ምልክቱን ብቻ ነቅሎ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ይሸጣል። እባካችሁ አትለያዩት። ለብቻዋ የወጣች ምልክት የማን እንደነበረች አታውቅም። እኔ ራሴ መሶቧን ፖስታ ውስጥ ሳያት ከማንኛውም ገበያ የተገዛች ትመስለኛለች። እጅጌው ላይ ሳለች ነው አባባም እማማም የሚታዩኝ።

ደግሞ ኮምቦልቻን አትርሱ። በዚያው ዐውደ ርዕይ ላይ ከኮምቦልቻ የመጣ ነጭ የባሕር ኃይል ቆብ አይቻለሁ፤ ግንባሩ ላይ መልሕቅ አለበት። ከሥሩ «ኮፍያ» ብቻ ይላል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመ፣ ምጽዋና አሰብ ላይ የነበረ፣ «ኢትዮጵያ» የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ትልቅ መርከብ የነበረችው ኃይል ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች። ከዚያ በኋላ የአሰብን መንገድ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ መርከበኛ ሻንጣው ውስጥ ያስቀራት ያቺን ቆብ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የዚያ መንገድ ደጃፍ ናት። ባለ ቆቡ በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከሌሉ ልጆቻቸውን። ቡና ይፈላላችኋል፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ ደብተራችሁ ይሞላል።

ከቃኘው ሰዎች የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በየተራ ከዘመቱት ከ3,000 በላይ ሰዎች ከ120 በላይ እዚያው ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ የለም። ኮሪያዎች ቹንቾን በሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 የመታሰቢያ አዳራሽ ከፍተውላቸዋል። የእኛ የደሴው ልጅ ግን የስምንት ዓመት አርበኛ ሆኖ ቀረ።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። አሁን ሥራው። አንበሳውን እኔ ተርትሬ ወደ ቀኝ እመልሰዋለሁ። መሶቧንም በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ እሰፋታለሁ፤ ስፌት መኪና አይነካትም። ጃኬቱን ደግሜ ላውሳችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ከናንተ የምፈልገው አዲስ ጽሑፍ ነው። እንዳይከብዳችሁ ይኸው፣ ገልብጡት፦

«የቃኘው ሻለቃ ወታደር ጃኬት፤ ኮሪያ፣ ከ1943 እስከ 1944 ዓ.ም.። ግራ ትከሻ፦ የ7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት፤ ሻለቃው ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ዘምቷል። ቀኝ ትከሻ፦ የይሁዳ አንበሳ። ኮሌታ፦ የክቡር ዘበኛ ምልክት ነበረበት፤ ከ1953 በኋላ ባለቤቱ ነቅለውታል። በምልክቶቹ ዙሪያ የቀረው ጥቁር ክር የሚስታቸው የእጅ ሥራ ነው፤ በደርግ ዘመን ሸፍነውባቸው ነበር።»

ያ ትሑት ልጅ ይምጣ፤ እንዴት እንደሚሰፋ ቁጭ ብሎ ይይ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ይቀልለኛል። ክሩን ገዝቼዋለሁ።

የጋሽ ኮሪያ የልጅ ልጅ
ደሴ